አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና፣ የዛሬውን ጽሑፌን ከተነሣሁበት ቦታ ልጀምር። የተነሣሁት ከቁይ ነው። ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላት ግን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው የማለዳ ብርዷ በጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። መንገዱ ተከፈተ በተባለበት ሰሞን ዘመድ ጠይቄ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስደርስ፣ መኪናው ሞልቶ ሊነሣ የቀረው ሁለት ሰው ብቻ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት፣ አዲስ አበባ ለሚማረው ልጃቸው በሶና ድርቆሽ በነጭ ከረጢት ቋጥረው ታቅፈዋል። ከፊታችን ደግሞ አንድ ገበሬ የታመመ ታናሽ ወንድሙን በትከሻው ደግፎ ይዟል። ወንድምዬው ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የተላከ ነው፤ ቀጠሮው በዚያው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን የሚያመለክተውን ወረቀት ገበሬው በላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ አኑሮታል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሁለት መምህራን፣ አንድ የጤፍ ነጋዴና እንደኔ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ሾፌሩ «ቶሎ ከተነሣን ከምሳ በፊት እንገባለን» ብሎ አጽናናን።

ቁይን ለቅቀን፣ ዋናውን ጎዳና ይዘን፣ ከደጀን የዓባይን በረሃ ወረድን። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ወጣን። እንዲህ በሁለት ቃል ሲነገር አጭር ይመስላል፤ እኛ ግን አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ በኬላ አምስት ጊዜ ቆምን። አራት ጊዜ ተፈተሽን፤ አንዱን ጊዜ ደግሞ ለምን ሳንፈተሽ እንዳለፍን ወደ በኋላ እናገራለሁ። የኬላዎቹን ስምና የጠባቂዎቹን ክፍል አልጠቅስም፤ ዓላማዬ አንዱን ለይቶ መክሰስ ሳይሆን ነገሩን ማመልከት ነውና።

በየኬላው የሚነገረን ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው የጦር መሣሪያ፣ ሁለተኛው አደንዛዥ ዕፅ ነው። በሦስተኛው ኬላ ሁላችንም ወርደን፣ ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በሌላ ወገን ተሰለፍን። አንድ ጢሙ ገና ያልጠቆረ ወጣት ዘብ የእናትየዋን ከረጢት አስፈትቶ ቀጭን ብረት ሰካበት፤ ብረቱን ሲያወጣው ዱቄት ይዞ ወጣ።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላቸው።

«በሶ ነዋ፣ ልጄ።»

«ዕፅ አለመሆኑን በምን ዐውቃለሁ?»

«ታዲያ ቅመሰው! አንተስ ከቤት ስትወጣ እናትህ በሶ አልቋጠረችልህም?»

ዘቡ በጣቱ ጫፍ ወስዶ ቀመሰው፤ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሳቃችን ሳይበርድ መስታወቱ የጠቆረ አንድ አዲስ መኪና ከኋላችን መጣ። የፊቱ መስታወት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አለ፤ ሰላምታ ተሰጣጡ፤ ገመዱ ወረደ፤ መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። እኛ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆየን።

በዚህ ጊዜ ከዘቡ ጋር ጥቂት ለመነጋገር ዕድል አገኘሁ። ከቤቱ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በቁር ይቆማል፤ ጓደኛው በመንገድ ላይ ሳለ በጥይት እንደ ቆሰለበት አጫወተኝ። ስለዚህ በክፉ ዐይን ላየው አልቻልኩም። «የምትፈልጉትን ዕፅ አይተኸው ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ በዐይኔ አላየሁም፤ መልኩንም ሽታውንም ያሳየን የለም፤ ፈትሹ ተባልን፣ እንፈትሻለን» ሲል በቅንነት መለሰልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ የወጣቱ መልስ ነው። የሚፈልገውን ነገር የማያውቅ ፈላጊ የሚፈትሸው የቀረበውንና የማይፈራውን ነው። የቀረበው የድኻ ከረጢት ነው፤ የሚፈራው ደግሞ መስታወቱ የጠቆረው መኪና ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአበው ተረት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሻው አይመስለኝም።

ኬላ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባሶ ገበያ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከሊሙ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚያ እየተሸጠና እየተለወጠ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። ነጋዴው በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ግን በየወንዙ መሻገሪያና በየገደሉ አፋፍ ኬላ ይጠብቀው ነበር። እያንዳንዱ የአገር ገዥ በበሩ ለሚያልፈው ሁሉ ቀረጥ ሲጠይቅ፣ የዕቃው ዋጋ በየምዕራፉ ይጨምራል፤ ነጋዴውም ጊዜውንና አጋሰሱን ይከስራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ይህን ጉዳይ ከተመለከቱት ቀደምት ነገሮች አንዱ አደረጉት። እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1855 በጻፈው ዘገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በሦስት ስፍራ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን ገልጿል። ትእዛዙ እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈጸመ ሌላ ነገር ነው፤ አሳቡ ግን ታላቅ ነበር። ኬላ ሲበዛ መንግሥት የሚጠነክር መስሎ ይታያል እንጂ፣ በእርግጥ የሚጠነክረው በየበሩ የተቀመጠው ሰው ነው። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም፣ በጉምሩክ ሥራ ውስጥ ሆነው የንግድንና የመንግሥትን ግንኙነት የመረመሩ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፋቸውን ወጣት ሹሞቻችን ቢያነቡት ይጠቀማሉ።

የጥንቱ ነገር እንዲህ ከሆነ የዛሬውም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጤፍ ዋጋ በአዲስ አበባ እየናረ በሄደ ጊዜ፣ እህል በየኬላው መታገዱ ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ሲነሣ ሁላችንም ሰምተናል። አብሮን የተጓዘው ነጋዴ «ጤፉ ከአውድማ ሲነሣ ጤፍ ነው፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግማሹ ኬላ ነው» ብሎ ቢያስቀን፣ ሳቃችን ከልብ አልነበረም።

ይህን ስል ዕፁ የለም፤ ፍተሻም አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስልብኝ። ዕፁ አለ፤ ጉዳቱም የታወቀ ነው። በሻሸመኔ አካባቢ የሚበቅለው ካናቢስ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ እየተሻገረ እንደሚሸጥ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የናይሮቢ ወጣቶች «ሻሽ» ብለው የሚጠሩት ከከተማይቱ ስም ወስደው ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም የብዙ አህጉር መተላለፊያ ስለሆነ፣ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ኮኬይን በሻንጣ ተደብቆ፣ አልፎ ተርፎም በሰው ሆድ ውስጥ ተውጦ ሲተላለፍ ይያዛል። በሱስ ተይዞ ትምህርቱን ያቋረጠ ጓደኛ የሌለው ተማሪ ከዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ብዙ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ሕጋችንም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525፣ ያለ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንና የሚነግደውን ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። የዓለም መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ1961 በኒው ዮርክ የአደንዛዥ ዕፆችን ስምምነት ሲዋዋሉ፣ ይህ ጠላት አንድ አገር ብቻውን የሚያሸንፈው እንዳልሆነ ተረድተው ነው።

ነገር ግን ጠላት መኖሩ የታወቀ ሲሆን፣ ጠላትን የምንፈልግበት መንገድ ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 26 ደግሞ ሰው ከአካሉ፣ ከቤቱና ከንብረቱ ፍተሻ እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ይህ መብት አይነካም አላለም፤ አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ለደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከል ወይም ለጤና ተብሎ በዝርዝር ሕግ ሲወሰን ሊገደብ ይችላል። ገደቡ ግን ሕግ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ከዚያም በፊት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የተያዘን ሰው የሚፈትሸው በጾታ የሚመስለው ሰው እንዲሆን አዝዟል። እኛ በቆምንባቸው ኬላዎች ሴት ፈታሽ ያየሁት በአንዱ ብቻ ነው። በሌሎቹ ኬላዎች እናቶችና እኅቶች ወይ በወንድ እጅ መፈተሽ፣ ወይ ያለ ፍተሻ ቆሞ መዋል ነበር ዕጣቸው።

«ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፤ አሁን ስለ መብት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አሳቡ ሊናቅ አይገባውም። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ስላለው ሁኔታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ 4 ወር ተራዘመ። ያ አዋጅ ጊዜው አልፏል። አዋጅ መጀመሪያም መጨረሻም አለው፤ በአዋጅ ጊዜ የተለመደ ልማድ ግን የሚያበቃበትን ቀን የሚነግረው የለም። ደግሞም ሥጋቱ እውነተኛ በሆነ መጠን ፍተሻው ይበልጥ እውነተኛ መሆን አለበት እንጂ፣ ይበልጥ ዕውር መሆን የለበትም።

የሌላውንም አገር ልምድ እንመልከት። በአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ በመንገድ ላይ የዕፅ ኬላ አቁሞ 1,161 መኪናዎችን አስቆመ። የተያዙት ሰዎች 104 ነበሩ። ከእነዚህም በዕፅ ምክንያት የተያዙት 55 ሲሆኑ፣ 49ኙ በሌላ ጥፋት ነበር። ከ100 መኪና 5 እንኳ ያልሞላ ማለት ነው፤ ያውም ፖሊሶቹ የሠለጠኑና አነፍናፊ ውሻ የያዙ ሆነው። ሁለት ሾፌሮች ከሰሱ፤ ጉዳዩ እየተንከባለለ ከአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 28 ቀን 2000 ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ለ3፣ ተራ ወንጀል ለመፈለግ ብቻ ተብሎ ያልተጠረጠረን ሰው ሁሉ ማስቆም ሕገ መንግሥትን ይቃረናል ሲል ፈረደ። ሰክሮ የሚነዳን ሾፌር ለመያዝ የሚቆመውን ኬላ ግን ያው ፍርድ ቤት ከ10 ዓመት በፊት ፈቅዶ ነበር። ልዩነቱ፣ ሰካራሙ ሾፌር በዚያችው ደቂቃ በመንገዱ ላይ ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው።

በሜክሲኮ ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ወታደሩን በዕፅ ነጋዴዎች ላይ አሰማርቶ፣ በየአውራ ጎዳናው የወታደር ኬላ ተተክሏል። ተጓዡ በየጊዜው ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ ይሳፈራል፤ የዕፁ ንግድ ግን አልጠፋም። ያ አገር ሌላ፣ ይህ አገር ሌላ ነው፤ ሕጋቸውን እንዳለ እንቅዳ አልልም። የምንቀዳው ጥያቄውን ነው፤ ስንት ሰው አስቆምን? ስንት ጥፋተኛ አገኘን? ያስቆምነው ሰው የከፈለውስ ዋጋ ምን ያህል ነው? ይህን መዝግቦ የማያውቅ ኬላ መሥራቱንም አለመሥራቱንም ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ያልተፈተሽንበትን ኬላ ልናገር። አራተኛው ነበር። ሰልፉ ረጅም ስለነበረ ሁላችንም ለመውረድ ተዘጋጅተን ሳለ ረዳቱ ቀድሞ ወረደና ከአንድ ሰው ጋር ተጨባብጦ ተመለሰ። ገመዱ ወረደ። አንድም ከረጢት ሳይከፈት አለፍን። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው፤ እኔም ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። በዚያ መኪና ውስጥ በበሶ ፋንታ ዕፅ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ያልፍ ነበር። ረዳቱ የከፈለው ጥቂት ብር ለኛ የጊዜ ዋጋ ነው፤ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ግን የመንገድ ፈቃድ ነው። በኬላ እጅ ሲዘረጋ ኬላው መጠበቁን ትቶ መሸጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ያለ ሥጋት የሚሄደው ወንጀለኛው ብቻ ይሆናል፤ የሚከፍለው አያጣምና።

አዲስ አበባ ስንገባ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ገበሬው ከመናኸሪያው በር ላይ ወንድሙን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ በላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝና፣ «ወንድሜ፣ ይህ ቀን አለፈ ማለት ነው? ታዲያ ሌላ ቀን እስኪሰጡን የት እናድራለን?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ያቺ እናት ከበሶው ከፍለው በወረቀት ጠቅልለው ለበሽተኛው ሰጡት። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ላይ በእኛ መኪና አንድ ግራም ዕፅ አልተገኘም፤ አንድ የሐኪም ቀጠሮ ግን ጠፍቷል። ይህን የሚመዘግብ መዝገብ በየትኛውም ኬላ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጻፍ ቀላል፣ መሥራት ከባድ መሆኑን ባውቅም፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች ላመልክት።

አንደኛ፣ የሚፈትሸው ሰው የሚፈልገውን ነገር ይማር። ዕፅ ምን እንደሚመስል፣ በምን እንደሚደበቅ፣ ምን ዐይነት ጭነትና ምን ዐይነት ጉዞ እንደሚያጠራጥር የአንድ ሳምንት ትምህርት ቢሰጠው፣ የበሶ ከረጢት በብረት ከመውጋት ይድናል።

ሁለተኛ፣ አንድ መኪና በአንድ ኬላ በሚገባ ከተፈተሸ፣ ሰዓቱና የመኪናው ቁጥር የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠው። ቀጣዩ ኬላ ልዩ ጥርጣሬ ከሌለው በቀር ወረቀቱን አይቶ ያሳልፈው።

ሦስተኛ፣ የሐኪም ቤት ወረቀት የያዘ በሽተኛና ወላድ ከሁሉ በፊት ይለፍ። ይህ ትእዛዝ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በየገመዱ አጠገብ ሊሰቀል ይችላል።

አራተኛ፣ በየኬላው ሴት ፈታሽ ትኑር።

አምስተኛ፣ ያለ ደረሰኝ አንድ ሳንቲም አይከፈል፤ የኬላው ኃላፊ ማን እንደሆነና አቤቱታ የት እንደሚቀርብም በግልጽ ይጻፍ። መስታወቱ የጠቆረው መኪናም እንደ ሌላው ይውረድ፤ በውስጡ ትልቅ ሰው ካለ፣ ትልቅነቱ ሕግን በማክበር ይታወቃል።

የቀረውን ለእናንተ ለወጣት ባለሥልጣኖችና ነገ ሹመት ለሚጠብቃችሁ ተማሪዎች ነው የምናገረው። ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ የአንድ ወረዳ የጸጥታ ኃላፊ፣ ሌላው የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ሌላው ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላው መኮንን ይሆናል። የገመዱ ጫፍ በእጃችሁ ይገባል። ያን ጊዜ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት በጆሯችሁ የሚያንሾካሹክ አይታጣም። ይህ ተረት ስንቱን ጨዋ ልጅ እንዳበላሸ ታውቃላችሁ። የተማርነው የኬላውን ሰው ለመለወጥ ካልሆነ፣ በዲግሪ ያጌጠ የድሮ በረኛ ከመሆን አናልፍም።

ያም ወጣት ዘብ ከእኛ የተለየ ሰው አይደለም። ዕድሜው የእኛ ዕድሜ ነው፤ እናቱ በሶ ቋጥራ የሸኘችው የገበሬ ልጅ ነው። የሚፈልገውን ሳያሳዩ አቁመውት፣ ኋላ በእርሱ ላይ ብቻ ማመካኘት ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱን የሚያዝዘው፣ የሚያስተምረውና የሚቆጣጠረው ሰው ከእኛ ወገን ነው የሚወጣው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም ያ ሰው ነው።

ዳውላውን መምታት ቀላል ነው፤ አይራገጥም። አህያውን መያዝ ግን ዕውቀትም ድፍረትም ይጠይቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቁይ ስመለስ አምስቱም ኬላ እንዲነሣ አልጠብቅም። ከአምስቱ በአንዱ እንኳ፣ ትላልቁ መኪና ወርዶ ሲፈተሽ፣ በሽተኛው ደግሞ ቀድሞ ሲያልፍ ባይ፣ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች በደስታ እጽፋለሁ።